የጋራ ፎልደር ለማን ክፍት ነው?

በቤት ውስጥ በተያያዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ፋይልን ስለመጠበቅ፤ ለጽሕፈት ሥራ ባለቤቶችና ለቤተሰቦች የቀረበ ትምህርት



በካምፕ ውስጥ ከአንድ በላይ ኮምፒዩተር ያለው ቤት ዛሬ ብርቅ አይደለም። አንደኛው ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ የሚሠራበት ነው። ሁለተኛው የልጆች መማሪያ ይሆናል። አንዳንዴም ዘመድ ከውጭ የላከው አሮጌ ላፕቶፕ በሦስተኛነት ይጨመራል። ማተሚያው ግን አንድ ነው፤ የኢንተርኔቱም መስመር እንዲሁ። በመሆኑም ኮምፒዩተሮቹን እርስ በርስ ማገናኘትና አንዱ ላይ ያለውን ፋይል በሌላው ላይ ሆኖ መክፈት የተለመደ ሆኗል። ፍላሽ ይዞ ከወንበር ወደ ወንበር መመላለስ ይቀራል፤ ይህም ትልቅ እፎይታ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የተጋራው ፎልደር ለማን፣ እስከ ምን ድረስ ይከፈት የሚለውን።

ጉዳዩ የፊልምና የዘፈን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ገጽ ባልሰጠነው። በጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ውስጥ ምን እንደሚቀመጥ ሁላችንም እናውቃለን። ለቃለ መጠይቅ የሚቀርብ የስደት ታሪክ አለ፤ አንድ ሰው ከአገሩ ለምን እንደወጣ፣ ማን እንዳሰረው፣ እዚያ የቀሩት ቤተሰቦቹ የት እንደሚኖሩ የሚገልጽ ሦስትና አራት ገጽ። የይግባኝ ማመልከቻ አለ። በስካነር የተነሣ የሐኪም ወረቀት አለ። ጥቃት የደረሰባት እኅት ያስጻፈችው አቤቱታ አለ። ባለጉዳዩ ሒሳቡን ከፍሎና ወረቀቱን ተቀብሎ ሲሄድ ጽሑፉ አብሮት አይሄድም፤ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ይቀራል። ያንን ፎልደር የጎረቤት ልጅ በስልኩ ከፍቶ ሊያነበው ከቻለ የሰውየው ምሥጢር በሰፈሩ መሐል ተሰጣ ማለት ነው። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» እንዲሉ፣ አንዴ የተነበበ ነገር ተመልሶ አይሸሸግም።

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ጉዳይ ከፍተኛ ኮሚሽን የሰዎችን የግል መረጃ አያያዝ የሚመለከት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2015 አውጥቷል። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2019 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አጽድቃለች። ሁለቱም የሚደገፉ ናቸው። ይሁን እንጂ በጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ፎልደር የሚዘጋው መመሪያውም ሕጉም ሳይሆን የኮምፒዩተሩ ባለቤት እጅ ነው።

ግቢው፣ በሩና ሳጥኑ

ነገሩን ለመረዳት አንድ ግቢ በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። ግቢው የአጥር በር አለው። በግቢው ውስጥ ያለው ቤት ደግሞ የራሱ በር አለው። በቤቱ ውስጥ ቁልፍ ያለው ሳጥን ተቀምጧል። የተያያዙ ኮምፒዩተሮችም እንዲሁ ሦስት መዝጊያ አላቸው።

የአጥሩ በር የዋይፋይ የይለፍ ቃል ነው። ቃሉን ያገኘ ሁሉ ግቢ ውስጥ ገብቷል። ብዙ ሰው ጥበቃው እዚህ ላይ ያበቃ ይመስለዋል። «የዋይፋዩን ቃል ለባዕድ አልሰጠሁም» ይላል። ግን ለአክስት ልጅ ተሰጥቷል፤ የአክስት ልጅ ለጓደኛው ነግሯል፤ ጓደኛውም ለወንድሙ። በእኛ ኑሮ እንግዳን ኢንተርኔት መከልከል ቡና የመከልከል ያህል ይከብዳልና ይህ ሊቀር የሚችል ነገር አይደለም፤ እንዲቀርም አንጠይቅም። የምንለው በአጥሩ ብቻ አትመኩ ነው። ግቢ የገባው ሰው ላፕቶፕ እንኳ አያስፈልገውም፤ የተጋሩ ፎልደሮችን ፈልገው የሚያሳዩ ፕሮግራሞች በተራ ስልክ ላይ ይሠራሉ።

የቤቱ በር የማጋራት ፈቃድ ነው። በዊንዶውስ ፎልደሩን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ» ስትሉ «ሼሪንግ» በሚለው ገጽ ላይ ይገኛል። ከሌላ ኮምፒዩተር ወይም ከስልክ የሚመጣን ሰው የሚመለከተው ይህ ነው።

ሳጥኑ የፋይሉ የራሱ ፈቃድ ነው። እዚያው «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ሴኩሪቲ» በሚለው ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ። ይህ ፈቃድ ከዲስኩ ጋር የተጻፈ በመሆኑ ከሩቅ የመጣውንም፣ እዚያው ኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠውንም ይመለከታል።

እዚህ ላይ በጥብቅ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ከሌላ ኮምፒዩተር የሚመጣ ሰው በሩንም ሳጥኑንም ማለፍ ይኖርበታል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ጠበቅ ያለው ይገዛል። በሩ «ማንበብና መለወጥ ይችላል» ብሎ ሳጥኑ «ማንበብ ብቻ» ካለ ሰውየው ማንበብ ብቻ ይችላል። እዚያው ኮምፒዩተር ፊት ለተቀመጠ ሰው ግን በሩ የለም፤ ቀድሞውንም ቤት ውስጥ ነውና። ስለዚህ ደንበኛ ወይም ልጅ በየተራ በሚቀመጥበት ኮምፒዩተር ላይ «ሼሪንግ»ን ብቻ አጥብቆ «ሴኩሪቲ»ን መርሳት የፊት በሩን ቆልፎ ሳጥኑን ገርበብ አድርጎ እንደመተው ነው። ተቆልፈዋል ተብለው የታሰቡ ፎልደሮች ክፍት ሆነው የሚገኙት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

አስቀድሞ ለእያንዳንዱ ሰው ስም

ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው ነው። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ሰውን የሚያውቀው በስም ነው። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ስም የሚገባ ከሆነ አባትና የ12 ዓመት ልጅ ለኮምፒዩተሩ አንድ ሰው ናቸው፤ አንዱን ከሌላው ለይቶ መከልከል አይቻልም። በመሆኑም የመጀመሪያው ሥራ ፎልደሩ በሚገኝበት ኮምፒዩተር ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን አካውንት መክፈት ነው። «ሴቲንግስ» ውስጥ «አካውንትስ» በሚለው ሥር ሌሎች ተጠቃሚዎችን የምትጨምሩበት ቦታ አለ። ኢሜይል ሲጠይቃችሁ የሰውየውን መግቢያ አላውቅም፣ ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት ይከፈትልኝ የሚሉትን አማራጮች ተከትላችሁ ስምና የይለፍ ቃል ብቻ መስጠት ትችላላችሁ። ዓይነቱ «ስታንዳርድ» ይሁን። «አድሚኒስትሬተር» የሚባለው ሥልጣን የባለቤቱ ብቻ ይሁን፤ ይህ ሥልጣን ያለው ሰው ማናቸውንም ሳጥን መክፈት ይችላልና።

ብዙዎችን የሚያደናግሩ ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ አሉ። አንደኛ፣ የይለፍ ቃል የሌለው አካውንት እዚያው ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል እንጂ ከሌላ ኮምፒዩተር መጥቶ ፎልደር አይከፍትም፤ ዊንዶውስ አይፈቅድለትም። ሁለተኛ፣ ኮምፒዩተሩን ስንከፍት የምንነካት «ፒን» የምትባለው አጭር ቁጥር የምታገለግለው ለዚያው ኮምፒዩተር ብቻ ነው። ከሌላ ክፍል ሆናችሁ ፎልደር ስትከፍቱ ስምና ቃል ከተጠየቃችሁ የሚፈለገው ዋናው የይለፍ ቃል ነው። «ቁጥሩን በትክክል አስገባሁ፣ አልቀበል አለኝ» የሚሉ ሰዎች ችግራቸው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። በዚህ ተናድዶ ጥበቃውን ጨርሶ ማጥፋት ደግሞ ከሁሉ የከፋው መፍትሔ ነው።

በቀድሞው ጊዜ አሠራሩ ሌላ ነበር። በዊንዶውስ 95 እና 98 ላይ የይለፍ ቃሉ የሚሰጠው ለፎልደሩ ነበር፤ ለሁሉም ሰው አንድ ቃል። አንዱ ሰው ከቤቱ ሲወጣ ቃሉን ለሁሉም መቀየር ግድ ይል ነበር። ይህም አልበቃ ብሎ፣ የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ በማወቅ ፎልደሩን ለመክፈት የሚያስችል ጉድለት ተገኝቶበት ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2000 ማስተካከያ አውጥቶለታል። በእጃችሁ ያለው የድሮ የማስተማሪያ ወረቀት ስለ «ሆምግሩፕ» የሚያወራ ከሆነም ተዉት፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በወጡት የዊንዶውስ 10 ዕትሞችና በዊንዶውስ 11 ላይ የለም።

ወደ ሥራው እንግባ

ለምሳሌ የሚከተለውን ቤት እንውሰድ። አባት ደብዳቤ ይጽፋል፤ እናት የዕቁቡን ሒሳብ ትይዛለች፤ ሁለት ልጆች ይማራሉ፤ ቅዳሜና እሑድ የጎረቤት ልጆች ፊልም ለማየት ይመጣሉ። በአባት ኮምፒዩተር ላይ አራት ፎልደር እንክፈት፦ ደብዳቤ፣ ዕቁብ፣ ትምህርት፣ ፊልም። አራቱ ለየብቻ ይሁኑ። ዲስኩን በሙሉ ማጋራት፣ ወይም አንድ ትልቅ ፎልደር አጋርቶ ሁሉንም እዚያ ውስጥ መክተት በኋላ ለመለየት ያስቸግራል።

አስቀድመን የኮምፒዩተሩን አጠቃላይ ሁኔታ እናያለን። «አድቫንስድ ሼሪንግ ሴቲንግስ» በሚለው ሥር በይለፍ ቃል የተጠበቀ ማጋራት የሚለው መብራት አለበት። በዚያው ቦታ «ፐብሊክ ፎልደር» የሚባለውን ለሁሉ የማጋራቱ ነገር መጥፋት አለበት። የቤቱ ኔትወርክ «ፕራይቬት» ተብሎ መመዝገቡንም እናረጋግጣለን። በሻይ ቤት፣ በትምህርት ማዕከል ወይም በሰው ስልክ በኩል ኢንተርኔት ስንጠቀም ግን «ፐብሊክ» የሚለውን እንመርጣለን፤ ያን ጊዜ ዊንዶውስ የራሱን ፎልደሮች ለሌሎች አያሳይም።

ቀጥሎ ወደ በሩ። ፎልደሩን በቀኝ ጠቅ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ሼሪንግ»፣ «አድቫንስድ ሼሪንግ»፤ ማጋራቱን ምልክት አድርገን «ፐርሚሽንስ» እንላለን። እዚያ የምናገኘው የመጀመሪያ ስም «ኤቭሪዋን» ነው፤ ማንኛውም ሰው ማለት ነው። ዊንዶውስ ራሱ ያስቀመጠው ነው፤ የማንበብ ፈቃድም ሰጥቶታል። ይህን ስም እናወጣለን። በምትኩ የምንፈልጋቸውን ሰዎች ስም አንድ በአንድ እንጨምራለን። ፈቃዱ ሦስት ደረጃ አለው። «ሪድ» ማንበብና መቅዳት ነው። «ቼንጅ» መጻፍ፣ መለወጥ፣ እንዲሁም መሰረዝ ነው። «ፉል ኮንትሮል» ከዚህ በላይ ፈቃዱን ራሱን የመቀየር ሥልጣን ይጨምራል፤ ይህን ለልጆችም ሆነ ለእንግዳ የምንሰጥበት ምክንያት የለም።

በምሳሌያችን ቤት «ትምህርት» ለሁለቱ ልጆች «ቼንጅ»፣ ለአባትና ለእናት እንዲሁ። «ፊልም» ለጎረቤት ልጆች በተከፈተ አንድ የእንግዳ አካውንት «ሪድ»። «ዕቁብ» ለእናት «ቼንጅ»፣ ለአባት «ሪድ»። (አባት ሒሳቡን ማየት እንጂ መነካካት አያስፈልገውም፤ ይህ የእኛ አስተያየት ነው፣ በየቤቱ መነጋገር ይቻላል።) «ደብዳቤ» ለአባት ብቻ። አባት ደብዳቤውን እዚያው ኮምፒዩተር ላይ ጽፎ እዚያው የሚያትም ከሆነ ደግሞ «ደብዳቤ» ጭራሽ መጋራት የለበትም። ያልተጋራ ፎልደር በኔትወርኩ ላይ በር የለውምና።

«ቼንጅ» መሰረዝን እንደሚጨምር የጠቀስነው ያለ ነገር አይደለም። እዚያው ኮምፒዩተር ላይ የተሰረዘ ፋይል «ሪሳይክል ቢን» ወደሚባለው ቅርጫት ይገባል፤ ተመልሶ ይወጣል። ከሌላ ኮምፒዩተር ሆኖ በኔትወርክ በኩል የተሰረዘ ፋይል ግን በተለምዶ ወደ ቅርጫቱ አይገባም፤ ያኔውኑ ይጠፋል። አንድ ልጅ በስሕተት የነካት አንዲት ቁልፍ የአንድን ቤተሰብ የይግባኝ ጽሑፍ ልታጠፋ ትችላለች። ስለዚህ በሚጠራጠሩበት ጊዜ «ሪድ» ይሰጣል፤ «ቼንጅ» የሚጠየቅ እንጂ የሚታደል አይደለም።

አሁን ወደ ሳጥኑ እንሂድ። «ሴኩሪቲ» የሚለውን ገጽ ስንከፍት አንዳንድ ስሞች እናገኛለን። ፎልደሩ በቀጥታ በዲስኩ ላይ የተከፈተ ከሆነ ብዙውን ጊዜ «ዩዘርስ» እና «ኦተንቲኬትድ ዩዘርስ» የሚባሉ ይኖራሉ። ትርጉማቸው በዚህ ኮምፒዩተር ላይ አካውንት ያለው ሁሉ ማለት ነው። እነርሱ ባሉበት «ደብዳቤ» የአባት ብቻ አይሆንም። ለማውጣት ስንሞክር ግን ዊንዶውስ እምቢ ይለናል፤ ፈቃዱ ከበላይ ፎልደር የተወረሰ ነውና። «አድቫንስድ» የሚለውን ገብተን ውርሱን እናቋርጣለን፤ ምን ላድርግ ብሎ ሲጠይቅ የተወረሱት ፈቃዶች የፎልደሩ የራሱ ሆነው እንዲቀሩ የሚለውን እንመርጣለን። ከዚያ ሁለቱን ስሞች እናወጣለን። «ሲስተም» እና «አድሚኒስትሬተርስ» የሚሉትን ግን አትንኩ፤ እነርሱ ከወጡ ባለቤቱ ራሱ ከገዛ ፎልደሩ ሊታገድ ይችላል። የባለቤቱ ስም መኖሩንም አረጋግጡ።

ሌላው ወጥመድ «ዲናይ» የሚለው ምልክት ነው። ክልከላ ከፈቃድ ይበልጣል። «ኤቭሪዋን» ላይ «ዲናይ» ያደረገ ሰው ራሱንም ከልክሏል፤ እርሱም ከ«ማንኛውም ሰው» አንዱ ነውና። ሰውን ለመከልከል ስሙን አለመጻፍ ይበቃል።

መሞከር

ቆልፈናል ብሎ መቀመጥ አይበቃም፤ በልጁ ኮምፒዩተር ሄዶ በሩን መግፋት ያስፈልጋል። የፋይል መስኮቱ አድራሻ ላይ «\\» እና የአባትን ኮምፒዩተር ስም ጽፈን እንገባለን። የተጋሩት ፎልደሮች ስም ሊታይ ይችላል፤ ስም መታየቱ አያሳስብም፤ «ደብዳቤ» ቢጋራም እንኳ ሲነካ መከልከል አለበት። ካልከለከለ አስቀድሞ የተቀመጠ የይለፍ ቃል ይኖር እንደሆነ መርምሩ። ዊንዶውስ አንዴ የገባንበትን ስም ያስታውሳል፤ አባት አንድ ቀን በልጁ ኮምፒዩተር በራሱ ስም ገብቶ «አስታውሰኝ» ብሎ ከሆነ ልጁ ከዚያ ወዲህ የሚገባው በአባቱ ስም ነው። «ክሬደንሺያል ማኔጀር» በሚባለው ቦታ የተቀመጠውን ስም አጥፍቶ ኮምፒዩተሩን እንደገና ማስነሣት ይገባል።

በአንዳንድ ጽሕፈት ቤቶች ዘንድ የፎልደሩን ስም በዶላር ምልክት መጨረስ እንደ ቁልፍ ይቆጠራል። ይህ ምልክት ስሙን ከዝርዝር ላይ ይሰውረዋል እንጂ አይቆልፍም። ስሙን የሚያውቅ ሰው ጽፎ ይገባል። ቁልፉን ከድንጋይ ሥር እንደማስቀመጥ ነው፤ ድንጋዩን ደግሞ የግቢው ልጆች ሁሉ ያውቁታል።

ቁልፉ የማይደርስበት

ይህ ሁሉ ተሠርቶም ያልተጠበቀ ነገር ይቀራል። ማንበብ የተፈቀደለት ሰው መቅዳትም፣ በስልኩ ፎቶ ማንሣትም ይችላል፤ ይህን የሚከለክል ምልክት የለም። በፍላሽ ላይ የተቀመጠ ፋይል ደግሞ ሳጥን የለውም፤ ፍላሾች በብዛት የሚዘጋጁበት ፋት32 እና ኤክስፋት የተባለው አሠራር የእያንዳንዱን ሰው ፈቃድ መመዝገብ አይችልም። ፍላሹን ያገኘ ሁሉ ያነበዋል። ኮምፒዩተሩ ቢሰረቅም እንዲሁ ነው፤ ዲስኩ በምሥጢር ጽሑፍ ካልተሸፈነ ሌባው አውጥቶ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ መክፈት ይችላል። በዊንዶውስ «ፕሮ» ላይ «ቢትሎከር» የሚባለው ሽፋን ለዚህ የተሠራ ነው፤ የመክፈቻ ቁጥሩ በወረቀት ተጽፎ ከኮምፒዩተሩ ርቆ ይቀመጥ።

የማጋራት አገልግሎቱ ራሱ ጉድለት ሊኖረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ያዳረሰው «ዋናክራይ» የተባለው ቫይረስ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የተዛመተው በዚሁ ፋይል የማጋሪያ መንገድ፣ በአሮጌው ዓይነት በኩል ነበር። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ያወጣው ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት ነው። የተጠቁት ማስተካከያውን ያላስገቡት ናቸው። የኢንተርኔት ካርድ ውድ ነው ተብሎ ማሻሻያ የሚዘለልበት ቤት ይህን ያስብ። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ማብቃቱንም አብረን እንጠቁማለን።

እኛ በበኩላችን የስደት ታሪክና የሐኪም ወረቀት በጋራ ኔትወርክ ላይ ፈጽሞ እንዳይቀመጥ እንመክራለን። ባለጉዳዩ ሥራው ካለቀ በኋላ ቅጂው እንዲቀመጥለት ይፈልግ እንደሆነ ይጠየቅ። የማይፈልግ ከሆነ እያየ ይሰረዝለት፤ ቅርጫቱም ባዶ ይደረግ። እናንተም፣ የምታስጽፉ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን ለመጠየቅ አትፈሩ። ደብዳቤ ጸሐፊውን መጠርጠር አይደለም፤ ከእርሱ ሌላ ማን እንደሚቀመጥበት እርሱም ሁልጊዜ ላያውቅ ይችላል።

በመጨረሻም ከቤቱ ስለሚወጣ ሰው። አንድ ተጠቃሚ በሰፈራ ፕሮግራም ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ወይም ወደ ሌላ ብሎክ ሲዛወር አካውንቱ ተከፍቶ አይቅር። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ስም የሰጠነው ለዚህም ነው፤ የእርሱ ብቻ ይዘጋል፣ የሌላው አይነካም። ነገር ግን «ሴቲንግስ» ውስጥ አካውንቱን ስታጠፉ ዊንዶውስ አካውንቱን ከነፋይሎቹ ያጠፋል። ሰውየው በዚያ ኮምፒዩተር ላይ በስሙ ገብቶ ይሠራ ከነበረ ፎቶውና የምስክር ወረቀቱ ኮፒ እዚያ ሊሆን ይችላል። አስቀድማችሁ በፍላሽ ገልብጣችሁ ስጡትና ከዚያ አጥፉት።